ምስክር ያጣ ትኩሳት

እኔ በፓላሳ ካሹ ስፈለፍል፣
የቅርፊቱ ዘይት ጣቴን ሲያቃጥል፣
ባሌ ዳሊናይዱ ማሽን ሥር ተኝቶ፣
ደሙ ይወጣና ይመለሳል ነጽቶ።
ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ አራት አራት ሰዓት፤
ሳምንቱን ሸንሽኖ ወሰደብን እጥበት።

ማታ ማታ ደግሞ በላብ ሲጠመቅ፣
እኔ ጠዋት ጠዋት አንሶላ ስጨምቅ፣
«የማሽኑ ነው» አሉ፣ «ብርድ ብርድ ይላል፤
ኩላሊት ያጣ ሰው መክሳቱ መች ይቀራል?»
ቀበቶውን በሚስማር ሁለቴ በሳሁ፣
ሁሉን በኩላሊት አሳብቤ ተኛሁ፤

አንገቱ ሥር አንድ ፍሬ እስክነካ ድረስ።
ካሹ የሚያህል። የማይፈለፈል።

ሐኪሟ መርፌዋን ክንዱ ላይ ሰካች፤
«ነቀርሳ ካለበት ቆዳው ያብጣል» አለች።
ሁለት ሌሊት ጠበቅን፤ በሦስተኛው ቀን
ክንዱ ለስላሳ ነው፤ ምንም አላየን።
ደስ ብሎኝ ነበር።
እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፦
«ደም ሲቆሽሽ እኮ ዘቡ ያንቀላፋል፤
ሌባው ቤት ገብቶ ውሻው ዝም ይላል።»
ቆዳው ምስክር ነው፣ ቆሞ ቃሉን ነሳ፤
ዝም አለ ተብሎ፣ የለም አይባልም ነቀርሳ።

ከፍሬው በመርፌ ቀድተው መረመሩ።
ነበረ።

ነርሷ ፑሽፓቫቲ እንደ ደንቡ አነበበች፦
«ኪኒኑ ከእጥበት በኋላ ነው፣
ማሽኑ ቀድሞ እንዳይበላው።
ሽንትህ ብርቱካን ይመስላል፤ እንዳትደነግጥ።»
ዳሊናይዱ ጠብታ ካየ ሁለት ዓመቱ ነው።
«የቱ ሽንት፣ ልጄ?
ስጪኝና ብርቱካንም ይሁን፣ ሐምራዊም፣ ጥቁርም!»
ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ ማሽኖቹ ብቻ አልሳቁም።

ወር ሳይሞላ፣ አንድ ዓርብ፣
ከጎኑ የሚታጠበው ጆጋራኦ ቀረ።
አልጋው ላይ አንድ ጎረምሳ ተኝቶ ነበረ።
ዳሊናይዱ ምንም አልጠየቀም።
ቤት ሲገባ በትከሻ ፎጣው ዓይኑን ጠረገ፤
ነጩ ጨርቅ ላይ የብርቱካን ዱካ።

በሳሙና አሸሁት፣ በአመድም፤ አልለቀቀም።
የኔም ጣት የካሹው ጥቁር አይለቅም።
ተውኩት።
ሽንቱ እንደ ደረቀ፣ ቆዳው ዝም እንዳለ፣
መድኃኒቱ መግባቱን እንባው ቀርቦ ማለ።

ቀበቶው ግን ዛሬም
በሚስማር በበሳሁት ቀዳዳ ላይ ነው፤
ሁለተኛው ላይ።