ከሙሉ እስከ ሙሉ

አጂፕ ማደያ ጋ፣ ከሰልፉ ጭራ ላይ፣
ናፍጣ ስጠባበቅ፣ ግማሽ ዝናብ፣ ግማሽ ፀሐይ፣
አንድ ልጅ መጣልኝ፣ ጃኬቱ ያማረ፣
በትንሽ ካርቶን ውስጥ ተስፋ የቋጠረ።

«ጋሼ፣ ይቺን አይተዋል? ማግኔት እኮ ናት፤
የናፍጣው ቱቦ ላይ አንዴ ካሰሯት፣
ቅንጣቱን በታትና አሰልፋ ስትልከው፣
ሲሶውን ታተርፋለች፤ ኪስዎ ነው የሚያውቀው።»

ሲሶ!
የጭሰኛ ልጅ ነኝ፣ ሲሶን በዓይኔ አውቃለሁ፤
ሰቃ ላይ አባቴ ሲሰፍር አይቻለሁ።
ከሦስት ጆንያ አንዱ፣ ለባላባት ጎተራ፣
በአህያ ሲወጣ ከደጃችን በተራ፣
እናቴ በዓይኗ እስኪሰወር ሸኘችው፤
ባዶ የቀረውን ጥግ ድመቷም አወቀችው።
ሲሶ እንዲህ ያለ ነው፤ ቢሄድም ቢመጣም፣
ለማየት መነጽር፣ ምስክርም አይሻም።

ከፊቴ የቆመው ተማም፣ የአጋሮ መንገድ ሹፌር፣
አንገቱን አውጥቶ ገባ በኛ ነገር፦
«እኔ አስሬያታለሁ ሁለት ሺህ ከፍዬ፤
ወላሂ ለውጥ አላት፣ ምን ልዋሽህ ብዬ።»
«ስንት ትበላ ነበር መኪናህ?» አልኩት።
«ኧረ ብዙ!» አለኝ።
«አሁንስ?»
«ቀነሰች።»
ብዙና ቀነሰች፤ ይኸው ነው ሒሳቡ፤
አንድ ቁጥር እንኳ የለም ባጠገቡ።

አልፈረድኩበትም። ሁለት ሺህ የከፈለ
መለካት ይፈራል፤
ቢለካ የሚያጣው ብሩን ብቻ አይደለም፤
«ብልጥ ነኝ» ያለባት ያቺም ቀን ትሄዳለች።

እኔ ግን ደብተር አለኝ፣ ከመሪዬ በላይ፣
ዘይት የጠገበ፣ ጠርዙን የበላው ፀሐይ፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሊትርና ኪሎ ሜትር
በእርሳስ የለቀምኩት፣ እንደ ዶሮ ጠጠር።

«ስማ» አልኩት ልጁን፣ «በዱቤ ስጠኝና
ታንከሬን ጢም አርጌ ልያት በፈተና።
ያው ጭነት፣ ያው መንገድ፣ ያው ጎማ፣ ያው እግር፤
ሲሶ ካተረፈች እጥፍ ነው የምቆጥር።»
ልጁ ፊቱን አዞረ። «ሦስት ወር ይፈጃል፣
ሞተሩ እስኪለምዳት...»
ብረት እንደ ሙሽራ ያፍር ኖሯል ለካ!

በስድስት መቶ ብር፣ ተከራክረን፣ ገዛኋት።
ሰው ሞኝነቱንም በዋጋ ይገዛል።

ወልቂጤ ደርሼ ተመለስኩ፣ ከእሷ ጋር፣
ጆሮዬን ቀስሬ፣ እግሬን አቅልዬ፣
የጊቤን ቁልቁለት እንደ እንቁላል ተሸካሚ።
በሊትር ሰባት መጣ!
ከወትሮው በግማሽ ኪሎ ሜትር በልጦ።
ደነገጥኩ። እውነት ለመናገር፣ ደስም አለኝ።
በማግሥቱ ፈታኋት፣ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኳት፤
ያው ጆሮ፣ ያው እግር፣ ያው የእንቁላል መንገድ፦
ሰባት።
ለካ ቆጣቢዋ ቱቦው ላይ አልነበረችም፤
ጫማዬ ውስጥ ነበረች፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሳላዛት።

አሁን ክረምት ነው። ሄርማታ፣ ሙዘይን ጋራዥ ውስጥ፣
ጭቃው እንደ አዞ ነው፣ ብሎን ሲያገኝ የሚውጥ።
ሙዘይን ማግኔቷን በሲባጎ አስሮ
ጭቃው ላይ ጎተታት፣ እንደ ዓሣ አጥማጅ፤
የጠፋችው ዳዶ ተለጥፋ ወጣች፣
ከኋላዋ ሚስማር፣ ከሚስማሩ ኋላ
አምና ሲረገምላት የከረመች ቁልፍ።
ለዚህስ ስድስት መቶው አይቆጭም።

ባለፈው ሳምንት ተማም መጣ፣ ጎማዎቹ ላልተው፣
ስድስቱም እንደ እርጎ ስልቻ።
ሙዘይን ነፋለት፤ የአየር ማጣሪያውን
ደጅ ወስዶ አራገፈው፤ ግማሽ አጋሮ አቧራ ሆኖ ወጣ።
በሦስተኛው ቀን ማታ ተማም ደወለልኝ፣
ደስታው ስልኩን ሊሰነጥቀው ደርሶ፦
«አላልኩህም ወይ! ሦስት ወሯ ሞላ፤
ማግኔቷ ጀመረች!»

ደብተሬን ገልጬ «ስንት ሊትር? ስንት ኪሎ ሜትር?» አልኩት።
«ኧረ ተወኝ፣ ብዙ ነው!» አለኝ።

እርሳሴን አስቀመጥኩ።