ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት

ከጌንት ቦይ ማዶ አንድ ማጠቢያ ቤት አለ፣
የሆስፒታል አንሶላ ሌት ተቀን የሚጎርፍበት፣
መሀል ለመሀል በግንብ የተከፈለ።
ወዲህ ደሙ፣ ትውከቱ፣ የታማሚ ላብ፤
ወዲያ ተተኩሶ የታጠፈው፣
ሳሙና ሳሙና የሚለው።
ማን ወዴት ይቁም የሚል ሕግ አልተጻፈም፤
ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ
ሱመያ ወዲህ፣ ዶይና ወዲህ፣ እኔም ወዲህ፤
ከግንቡ ባሻገር የእኛ ስም
የተለጠፈበት ቁምሳጥን የለም።
ሽንት ቤት ስንሄድ ደብተር ላይ እንፈርማለን፣
መውጫ፣ መግቢያ፣ ደቂቃው ሳይቀር።
ወዲያ ማዶ ደብተር የለም።

ዮሪስ ሲቀጠር ጺሙ ገና ሊያቆጠቁጥ ነበር።
የቱ ቁልፍ ውሃውን እንደሚያፈላ፣
ማሽኑ ሲያጓራ ምን ጎድሎት እንደሆን፣
እጁን ይዤ እንደ ፊደል አስቆጠርኩት።
በስድስት ወሩ አለቃዬ ሆነ፤
ስሜንም ቆረጠው።
«ትርፍነሽ ረዘመብኝ፣ ትሪ ልበልሽ» አለኝ።
ትሪ!
የሰው እህል የሚቀርብብኝ፣
ሲበቃቸው የምነሳ።
እኔ ግን ቫንደርስትራተንን
አንድ ፊደል ሳልገድፍ እጠራለሁ።

ከበሩ በላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦
«ያለ አደጋ ያለፉ ቀናት»።
ሁለት መቶ ሰባ አንድ ደርሷል።
ሦስት መቶ ሲሞላ ኬክ ይቆረሳል፣
ዳይሬክተሩ ከብራስልስ ይመጣል፣
ፎቶ እንነሳለን፣ ወዲህም ወዲያም አንድ ላይ።

ማክሰኞ ሌሊት መርፌ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልሎ መጣ፤
የዶይናን ጓንት በስቶ ገባ።
ዶይና፣ የአምስት ወር ሆዷን
በሰፊ ቱታ ሸሽጋ የከረመችው፣
ከእሷ በፊት ያረገዘችው
«ውልሽ አልቋል» ተብላ ስትሸኝ ያየችው።
ደሟን አየሁት። አንዲት ጠብታ፣
የምስር ፍሬ የምታክል።
ዮሪስ መጣ። ፕላስተር ሰጣት።
ቀና ብሎ ሰሌዳውን አየ።
«ሃያ ዘጠኝ ቀን እኮ ነው የቀረን» አለ፣
«ሴቶች ስትባሉ ነገር ማጋነን!»
ሱመያ በአረብኛ አንድ ነገር አጉተመተመች፤
እኔ ዝም አልኩ።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ ባገሬ።
ነቀዘ!
አስራ አንድ ዓመት ከመንጋጋዬ ሥር ያከማቸሁት
ዱቄት ሆኖ ጉሮሮዬን ሞላው።

ዶይና ብቻዋን ትራም ተሳፍራ ሄደች፣
እኛው ወደምናጥብለት ሆስፒታል፤
እኛው ባጠብነው አንሶላ ላይ
እጇን ዘርግታ ደሟን ሰጠች።
ሰሌዳው ሁለት መቶ ሰባ ሁለት ይላል።

ሐሙስ የአደጋ ቅጽ ጠየቅሁ።
ዓርብ ደብዳቤ ደረሰኝ።
«በመልሶ ማደራጀት ምክንያት» ይላል፣
ከዚያ አንድ የማላውቀው ረጅም ቃል፤
መዝገበ ቃላት ገለጥኩ፦ ትርፍ።
ሳቅ መጣብኝ።
ሦስት ልጅ ቀብሮ አራተኛዋ ስተርፍለት፣
አባቴ «ትርፌ ነሽ» ብሎኝ ነበር።
እነዚህም «ትርፍ ነሽ» አሉኝ።
የኃምስና የሳድስ ልዩነት ነው፣
አንድ ሕይወት የሚያህል።

በመጨረሻው ሌሊት፣ ማሽኖቹ ሲያጓሩ፣
በርጩማ ስቤ ወጣሁ።
ሁለትን አወረድኩ፣ ሰባትን አወረድኩ፣ አራትን፤
ከካርዶቹ መሀል ዜሮን መርጬ
በእርጥብ እጄ ሰቀልኩት።
ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጀግንነት አልነበረም፤
የሚታጠብ አይቶ ማለፍ የማይችል
የአጣቢ አመል ነው።

ትራሙ ውስጥ ሦስቱ ቁጥሮች
ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይንኳኳሉ።
ሰኞ ሱመያ ደወለች፦
«ሁለትና ሰባት ጠፍተው
አዲስ እስኪታዘዝ ይጠበቃል፤
ዜሮሽ እንደተሰቀለ ነው።»
ሳቀች፤ ሳቅሁ።
«ዶይናስ?» አልኳት።
ዝም አለች መጀመሪያ።
ውጤቷን ለማወቅ ሦስት ወር ትጠብቃለች፣
ያን ጊዜ ልጁም ይወለዳል።
እነዚያን ቀኖች የሚቆጥር
ሰሌዳ አልተሰቀለም።