ዓይን የሌለው

ሸዋ በር ላይ ዝናብ ይመር ሱቅ አስጠጋኝ፤
«ይሄ ካርቱን አለው፣ ይሄም ጌም» አወጋኝ።
ስክሪኑ ዓይኔ ውስጥ ሰማያዊ ሲያበራ፣
«ፊት የሌለው የለም? በጨለማ 'ሚያወራ?»

ሳቀና ከታች ጥግ፣ አቧራ የጠጣ፣
ሁለት ቁልፍ ያለው ቢጫ ሳጥን አወጣ።
«ድምፁ ልክ አለው፣ ልጅ አያደነቁርም፤
ቢወድቅም…» ጣለልኝ። እውነትም አይሰበርም።
የልጄን ሌባ ጣት በልቤ ለክቼ
ተጫንሁት። ገዛሁት፣ ሁለቴ ከደጁ ወጥቼ።

ካርዱ ውስጥ አባቷ፣ ሚሌ ኬላው ዳር ላይ፣
ጅብ ሆኖ ያጓራል ከሞተሩ በላይ።

ማታ ገለባብጣ ፈተሸችው ረውዳ።
«ዓይኑስ?»
«የለውም» አልኋት።
መስኮቱ ጋ ወስዳ፣
ቀስ ብላ፣ አፏን አስጠግታ፦
«አታይም አይደል? ጦሳ ጉም ለብሷል።
መኪናው ሲመጣ
እነግርሃለሁ።»