የተውሶ መጋረጃ

«እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» አለችን በሩ ላይ፣
ጫማዋን አውልቃ፣ ካሜራ አንጠልጥላ፤
ደጅ ያንኳኳ እንግዳ እንዴት ተብሎ ነው
እንደሌለ ሚቆጠር፣ ውሃ እንኳን ሳይጠጣ፣ ምሳም ሳይበላ?

ቤታችን የካ አባዶ ነው፣ አራተኛ ፎቅ፤
ደረጃ እየቆጠረ የመጣ ሰው
ትንፋሹን ሳይሰበስብ ስሙን አያሳውቅ።
ረድኤት ትባላለች።
ሥራዋ ሰው በቤቱ ሲኖር ማየት ነው፣ እንዳለችኝ።
«ምንም እንዳታዘጋጁ» ብላ በስልክ ለምናኝ
ሦስት ቀን ሙሉ ስናዘጋጅ ከረምን።

ሰባቱን ቢጫ ጀሪካን
መኝታ ቤት ደርድሬ አንሶላ አለበስኩት፤
ሲሚንቶ የጠጣውን የደጀኔን ጫማ
ካልጋው ሥር ወሸቅኩት፤
ዕጣ ከወጣልን ጀምሮ
መስኮቱን የጋረደውን ጋዜጣ
በጥፍሬ ልጬ ጣልኩት።

መጋረጃውንማ ያዋሰችኝ እትዬ ዘነቡ ናት፣ ከሦስተኛ ፎቅ፤
ወይን ጠጅ፣ ከባድ፣ ጠርዙ የወርቅ።
ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራ፣
«በአሥር ሰዓት ሽማግሌ ይመጣል ለልጄ፤
ዘጠኝ ሳይሞላ መልሺልኝ በእጄ።»

ረድኤት ጥግ ያዘች። ማንም አልተነፈሰ።
ደጀኔ ክራቫት አስሮ ቴሌቪዥን ያያል፤
መብራት ከጠፋ ግን ሁለት ሰዓት አልፏል።
ናርዶስ የያዘችው መጽሐፍ ገጹ አልተገለጠ፤
እኔም ሶፋው ጫፍ ላይ፣
ቀበሌ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው፣
እጄ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ።
ቃልአብ ብቻ ካንገቱ ቀና ብሎ፣
«እማዬ፣ ጀሪካኖቹ አሟቸው ነው የተኙት?» አለ።
ረድኤት ካሜራውን ፊቷ ላይ ከደነች፤
ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። አላነሳችንም።

ያኔ ከታች ጩኸት፦
«ውሃ መጣ!»
ከማክሰኞ ወዲህ ድምፁ የጠፋ ውሃ።
አንሶላው ተገፈፈ፣ ጀሪካን ተንከባለለ፣
የደጀኔ ክራቫት ትከሻው ላይ ዋለ፤
ናርዶስ «ሞላ! ቀጣዩን!» ስትል፣
እኔ ቀሚሴን ጉልበቴ ላይ ሰብስቤ
ቧንቧው ሥር ተንበርክኬ
እንግዳ የሚባል ነገር መኖሩን ረሳሁ።

አራተኛው ጀሪካን ሳይከደን በሩ ተደበደበ፤
«ሽማግሌዎቹ ቀደሙ! አደባባዩ ጋ ደርሰዋል! መጋረጃዬን!»
ወንበር ላይ ወጣሁ።

ፎቶው ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ያቺ ቅጽበት ናት።
እኔ ከጀርባዬ፣ ጉንጬ ብቻ በጎን፣
ተረከዜ እንደ ደረቀ መረሬ ተሰንጥቆ፤
መጋረጃው ግማሹ ወርዶ ግማሹ እንደተሰቀለ፤
በወረደው በኩል ያልተለሰነ ብሎክ፣ የባሕር ዛፍ ጫፍ፣
የሰው የጤፍ ማሳ፣ ብርሃኑ ሁሉ እንዳለ።
ቃልአብ በጨርቁ ተጠቅልሎ፣ ከእሱ እግር ብቻ፤
ናርዶስ አፏን ከፍታ፣ ሳቅ ይሁን ቁጣ አይለይም፤
ደጀኔ የወንበሩን እግር በእርጥብ እጁ ጨብጦ፣
ክራቫቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣
አንጋጦ ያየኛል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
እንዲህ ሲያየኝ አይቼው አላውቅም።
እንዴትስ ልየው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ?

ምንም አላልኩትም።
እሱም ክፈፍ ገዝቶ መጣ፤
አንዲት ምስማር ለመምታት
ግማሽ ቅዳሜ ፈጀ።
መስኮቱ አሁንም ራቁቱን ነው።

እትዬ ዘነቡ ልጇን ድራ፣
ከመልሱ የተረፈ ድፎ ይዛ ወጣች።
ፎቶው ፊት ቆማ መነጽሯን ከፍ ዝቅ አደረገች፤
እኔን አላየች፣ ደጀኔን አላየች፤
«አንቺ!» አለች፣ «ያኔ አንድ ቀለበት ጎድሎብኝ
ሶፋውን ሁሉ ገልብጬ...»
ጣቷ መስታወቱ ላይ ደረሰ፤
ከጥርሴ መሃል
ብልጭ ያለችው ላይ።