ደረት ነበር

ደረት ነበር፤ እጅ አልነበረም።
ይኼን ስል ዘጠኝ ዓመቴ፣ ምላሴ ገና አልደረቀም።

ሐዋሳ፣ ከኮሌጁ ጀርባ፣ ሣር ተብሎ የተጠራ አቧራ፣
አንድ ለአንድ ነን፤ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፤
ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘግም ዓይን የምታጠፋበት ተራ።
ማልያችን ሰማያዊ ነው፤ የሁለቱ ቁጥር የለው፣
የአንዱ ስድስት በማርከር ተጽፎ በላብ የሚሟሟው።
በረኛው እኔ ነኝ። ከፊቴ ዱካሞ፣
የእርሻ ሦስተኛ ዓመት፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፤
ኳስ ቀምቶ እንኳ ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ጓደኛ።

የዲላው ዘጠኝ ቁጥር ለጋት።
ጧ! አለች ደረቱ ላይ፤ እኔ በጆሮዬ ሰማኋት፤
እርጥብ ቆዳ በጥፊ ሲመታ።
ከዚያ ፊሽካ።

አቶ ላሊሶ፣ አርባ እርምጃ ርቀው፣
በአንድ እጃቸው ላስቲኩ የላላ ቁምጣቸውን ይዘው፣
በሌላው ነጥቧን እያሳዩ፣
«እጅ!» አሉ።
«የቱ እጅ?»
«እጅ!»

ዱካሞ አልጮኸም። ማልያውን ገልጦ አሳየ፤
የኳሱ ስፌት አብጦ እንደ ማኅተም ደረቱ ላይ ታየ።
እንዲህ ያለ ማስረጃ የትኛው ችሎት ነው ያየ?
ክብ ማኅተም፣ ፊርማ ብቻ የቀረው!
ማልያ በመግለጡ ቢጫ ጻፉለት፤
ማኅተሙን ግን ማን አነበበው?

«በሕግ አምላክ!» አለች ከዳር ቆሎ ሻጯ፤
ሕጉም አምላኩም ያን ቀን ሜዳ አልገቡም።
ወደ መስመር ዳኛው ዞርን፤
የመስመር ዳኛ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ዘበኛ ነው፤
ባንዲራው ቀይ ፌስታል፣ ሸንበቆ ላይ የታሰረ፤
ሲያየን ዓይኑን ሰበረ።

ከዓሣ ገበያው መጥተው ግንቡ ላይ የቆሙ ሁለት አባ ኮዳዎች፣
ጥቁር ካፖርት፣ ራሰ በራ፣ እንደ ጡረተኛ ዳኞች፣
ጨዋታውን ከመጀመሪያው ሲያዩ ነበር፤
እነሱን ብንጠይቅ ይሻል ነበር።
አባ ኮዳ ቢያንስ ለማን እንደሚያደላ ግልጽ ነው፤
ቢላዋ ለያዘው።

በልቷል፣ አሉ። ዘመዳቸው ነው፣ አሉ።
አንድ ሳጥን ማንጎ በኢሱዙ ተልኮለታል፣ አሉ።
አሠልጣኛችን ጋሽ ዘርጋው ብቻ፣ መረብ እየጠቀለለ፣
«ሦስት ጨዋታ በነጻ ነፍቷል፤ አበሉ አልጸደቀም።
ዛሬም ከጥቁር ውሃ በእግሩ ነው የመጣ። ምሳ አልበላም» አለ።
ሰማሁት። ማዘን አልፈለግኩም።
ረሃብ ደረትን እጅ ያደርጋል ወይ?
የተራበ ዓይን እኮ ከሁሉም አብልጦ ነው የሚያይ!

ዱካሞ ጫማውን አጥር ላይ ሰቅሎ ሄደ።
ዛሬ ይርጋለም ዶሮ ያረባል።
ስደውልለት «ደረት ነበር» እለዋለሁ፤
«ተወው በቃ፣ መኖ ተወዷል» ይለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከመናኸሪያ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፤
መነጽራቸው የጠርሙስ ቂጥ፣ ቁልፋቸው ላይ ፊሽካ።
«ዓይን ክሊኒክ። ስንት?»
«ሠላሳ።»
«ሃያ» አሉና ገቡ፤ ባጃጄም ተንቀሳቀሰች።
ፊሽካዋን በመስታወት አየኋት፤ ሆዴ ውስጥ አንዲት ነገር ፈላች።
እስከ ፒያሳ ዝም አልኩ። አደባባዩን ዞሬ፣
«ደረት ነበር» አልኩ።
«የቱ?»

የቱ! ስንቱን ነው የነፉት?
ነገርኳቸው፤ ዲላን፣ ዱካሞን፣ ፌስታሉን፣ ማኅተሙን፣
መሪው በእጄ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሁሉን።
«ይሆናል» አሉ ቀስ ብለው። «ግራ ዓይኔ ያኔም አያይም ነበር።»
ትንሽ ቆይተው፣
«አንተ በረኛው ነህ?»
«ነኝ።»
«ታዲያ ያዝካት?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይኼን የጠየቀኝ የለም።
ልጁ በቀስታ ነው የመታት፣ በግራዬ፣ ሕፃን የሚይዛት።
እኔ ግን ገና እግሩን ሳያነሣ ወደ ቀኝ ወድቄ ነበር፣
አፌ አፈር ሞልቶ፣ አንገቴን ወደ ኋላ አዙሬ
ዳኛ ስረግም።

ክሊኒኩ በር ላይ ወረዱ። ሁለት አሥር ብር ዘረጉልኝ።
«ሠላሳ ነበር» አልኩ።
«ሃያ ነበር» አሉ።
ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤
መንገዱ ላይ አባ ኮዳ እንኳ አልነበረም።