የጳጉሜ ሂሳብ

ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከብረት መሸጫው ፎቅ፣
ኮሌጁ ሲከፈት ማሽኑን የማሞቅ፣
ወረቀት የምሞላ፣ ቀለም የምነቀንቅ፣
የፎቶኮፒዋ ወይንሸት ነኝ።
ዲኑ ያዘዘውን፣ ዲኑ ያልጻፈውን፣
ከባለጉዳዩ ቀድሜ አያለሁ ሁሉን።

በየዓመቱ ጳጉሜ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ገና፣
ያው ውል ይመጣልኛል፣ ሦስት ቅጂ ነውና።
ዓመተ ምሕረቱ ብቻ በፍሉድ ተለስኖ፣
አምስት የነበረው ስድስት ሆኖ።
«ሚስተር ኩሪያን። ዜግነት፦ ህንዳዊ።
ሥራው፦ እንግሊዝኛ። ቅጥሩ፦ ጊዜያዊ።»
ተማሪው ስሙን አጥፎ «ሚስተር ኮሪያ» ይለዋል፣
እሱም ማረም ሰልችቶት «አቤት» ብሎ ያልፋል።

ውሉ ላይ ተጽፏል፦ «በሳምንት ሃያ ሰዓት፣
ከሌሎች ተያያዥ ሥራዎች ጋር» በማለት።
ተያያዥ!
እኔ አውቃለሁ ምን ሲያያዝ እንደከረመ፦
የባለሀብቱ ልጅ የቪዛ ማመልከቻ፣
የወንድሙ ሆቴል የምግብ ዝርዝር፣
ክትፎን ለፈረንጅ ሳያስደነግጡ ማስረዳት፣
ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሑድ ማታ።
ሁሉንም ያረመው እሱ፣ ያባዛሁት እኔ።

«መኖሪያ ቤት ይሰጣል፣ ከነሙሉ ዕቃው።»
ዕቃው አልጋ ነው። አንድ። ወንበሩ ፕላስቲክ።
ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፤ ውሃ የሚመጣው
ማክሰኞ ሌሊት፣ ያውም ከመጣ።
የሰዋስው መምህር ጀሪካን ተሸክሞ
ደረጃ ሲወጣ አይቼ ሳቅሁ፤ አፈርኩም ደግሞ።

አልዋሽም፣ ቀንቼበት ነበር።
ደሞዙ ከእኔ ስድስት እጥፍ።
ግን ከደሞዜ ጡረታ ሲቆረጥ እኔ ሳማርር፣
ለእሱ የሚቆረጥለት ነገ አልነበረም።
የሥራ ፈቃዱም ያለው
ዲኑ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ከስቴፕለሩ ጋር።

አንድ ጳጉሜ፣ በሁለተኛው ቀን፣ መብራት ጠፍቶ፣
ማሽኑ ዝም ብሎ፣
የመልሶ ፈተና ይዞ ደጃፌ ላይ ቆመ።
«ወይንሸት፣ ለዚህ ወር የሚከፈለው ስንት ነው?»
«ለየቱ ወር?»
«ለዚህ። አሁን ላለንበት።»
ሳቅሁበት። «ጳጉሜ ደሞዝ የላትም» አልኩት፣
«አምስት ቀን ናት። ምርቃት ናት።»
«ምርቃት ለማን?» አለኝ።

እኔ እዚሁ ተወልጄ፣
አሥራ አንድ ጳጉሜ በነጻ ሠርቼ፣
ይህችን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም።

መብራቱ እስኪመጣ ውሉን አስነበበኝ፣
በቀይ እስክሪብቶው አንዲት ቃል አሳየኝ።
«‹ሜይ› ማለት ይችላል ነው፣ ‹ሻል› ማለት ግዴታ፤
ውሉን ለማደስ ‹ሜይ›፣ እኔን ለማሠራት ‹ሻል›፣ ጠዋትና ማታ።
ይህን ነው» አለ «ስድስት ዓመት ሙሉ
ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት። ተማሪዎቼ ሁሉ
ፈተና ላይ ይስቱታል።
እኔ ደግሞ እፈርምበታለሁ።»

በሰባተኛው ጳጉሜ ውሉ አልወረደም።
ማንም አላባረረውም፤ ብቻ አልታደሰም።
ሲኖትራክ ባቦነነው አቧራ መሃል
ሻንጣውን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫነ።
ቢጫ ጀሪካኑን ለእኔ ተወልኝ።
እስከ ዛሬ ማክሰኞ ማክሰኞ እቀዳበታለሁ።

ከክፍያው መንገድ መግቢያ ቢልቦርዱ አሁንም አለ፣
«በውጭ አገር መምህራን» ይላል።
ፊቱን ፀሐይ በልቶታል፣ ክራቫቱ ግን ደህና ነው።

ትናንት ሌላ ውል መጣ።
«ሚስ አቲዬኖ። ዜግነት፦ ኬንያዊት።»
ስሟ ያለበት ቦታ ላይ ፍሉዱ ወፍሯል፤
ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ባነሳው
ኩሪያን ከሥር ይነበባል።

ሦስት ቅጂ አወጣሁ።
ከዚያ አራተኛ፣ ማንም ያላዘዘኝን።
ከ«ሜይ» ሥር በእርሳስ አሰመርኩ፣ ቀጭን፣
የሚያይ ብቻ እንዲያየው።
ዛሬ ጳጉሜ ሦስት ነው።
ማሽኑ ሞቋል።
ለእኔም የሚከፍለኝ የለም።