ይጠብቃል

ሁለት ዓመት ሙሉ ግራ እጅጌ ሰፋሁ፤
ቀኙን ማን እንደሚሰፋ ሳላውቅ ወጣሁ።
ከማሽኔ ግንባር ላይ አንዲት ክብ ብሎን ነበረች፣
በቀይ ቀለም ነጥብ ‹አትንኩኝ› የምትል።
ክሩ ሲበጠስብኝ እጄን አነሣለሁ፣
መካኒኩ እስኪመጣ የጣሪያ መብራት እቆጥራለሁ።
ይመጣል፤ ያዞራል፤ ምን እንዳደረገ አይነግረኝም፤
እኔም አልጠይቀው፤ የቀኑ ኮታ አይጠብቀኝም።

መስመራችን ታጠፈ። ደብዳቤ ሰጡን።

አሁን አሮጌ ገበያ፣ ከጋሽ ላንቃሞ በረንዳ፣
ጥቁሩ ሲንጀር ፊት ተቀምጫለሁ እንደ እንግዳ።
ፔዳሉን ስረግጠው ጎማው ወደ ኋላ ይሄዳል፤
‹ሁለት ዓመት የት ነበርሽ?› ይላል፣ ሳቁን በጥርሱ ይዟል።

መጀመሪያ የሰጠኝ የአቡጀዲ ቁራጭ፤
ላዩን ቀይ ክር፣ ታቹን ነጭ።
‹ለምን ሁለት ቀለም?›
‹ማን ማንን እንደሚጎትት ዓይንሽ እንዲለይ ነው፤
አንድ ዓይነት ሲሆን ጥፋት ተሸፋኝ ነው።›

ሰፋሁ። ጨርቁ ተጨማደደ እንደ አዛውንት ግንባር፣
ነጩ ከታች ብቅ ብቅ አለ፣ ነጥብ በነጥብ፣ በስፌቱ ዳር።
‹ላይኛው አጥብቆ ታችኛውን አወጣው፤
ወደ ግራ አዙሪያት። ቀስ። የሽንብራ ግማሽ ነው።›
እኔ ግን የሁለት ዓመት እልህ ነበረብኝና
አዞርኳት፣ አዞርኳት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና።
ላዩ አማረ። ገለበጥኩት። ታቹ ጉድ ሆኗል፤
ቀዩ ተተብትቦ የወፍ ጎጆ ሠርቷል።

አልተቆጣም። ክሩን መዘዘው፣ እንደ አዲስ አስገባ፦
‹እግሯን ሳታነሺ ክር ብታጎርሻት አትውጥም፤
አፉን የገጠመ ሰው ጉርሻ አይቀበልም።›

ከዚያ የቦቢኑን ቤት ከሆዷ አወጣ፣
በክሩ ጫፍ አንጠለጠለው። ዝም አለ። ባጃጅ መጣ፣
ሄደ። እጁን ነጠቅ ሲያደርግ ወረደ ግማሽ ስንዝር፤
ቆመ፣ እንደ ሸረሪት በገዛ ራሷ ክር።
‹ተንሸራቶ መሬት ከወረደ ላልቷል። ካልተነቃነቀ ጠብቋል።
እኛ የምንፈልገው ሲጠሩት መጥቶ የሚቆመውን።›

እኔ በልቤ ምሳሌ ጀመርኩ፦ እናቴ፣ ስልኳ፣ የወር ብሬ፣
የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ…
ገባው መሰል። ‹ኑሮ አታድርጊው› አለ፣ ‹ክር ነው።
አርባ ዓመት ሰፋሁ፤ ክር ሆኖ ነው ያገኘሁት።›

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። አራተኛ ክፍል ሳለሁ
ከቤቴ ሲዳምኛ ይዤ አማርኛ ልማር ስሄድ፣
መምህሩ አንዲት ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፉ፦ ይጠብቃል።
ጠብቃ ስትነበብ፣ ሰው ሰውን ይጠብቃል፤
ላልታ ስትነበብ፣ ገመዱ ይጠብቃል።
አነበብኩ፣ ተሳሳትኩ፣ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።
የኔ ጥፋት ነው ወይ? እንዴት ያለ ቃል ነው፣
መጥበቅን ሊናገር መላላት ያለበት?

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሰኞ ትምህርት ይከፈታል።
ጋሽ ላንቃሞ ዓሣ አምሮት አሞራ ገደል ወርዷል።
አንድ ልጅ በረንዳው ጫፍ በካናቴራ ተቀምጧል፤
ዩኒፎርሙ እኔ ጋ ነው።
ብሎኗን ዳሰስኳት። ቀለም የላትም፤
የሰው እጅ ወዝ ብቻ፣ አርባ ዓመት ያለሰለሳት።
ቁራጩ ላይ ሞከርኩ፦ ላዩ ቀይ፣ ታቹ ነጭ፣
የሚተቃቀፉበት ጨርቁ ሆድ ውስጥ ጠፍቷል።
ሰማያዊውን ክር ቀየርኩ። ግራ እጅጌውን ዓይኔን ጨፍኜ።
ቀኙ ላይ ስደርስ ቆምኩ፣
ወዴት እንደሚታጠፍ ጠፋኝ፤ ገና አሁን ነው የምንተዋወቀው።

ልጁ ይጠብቃል።
ክሩ ይጠብቃል።
አንባቢ ሆይ፣ አንዱን አጥብቅልኝ፣ አንዱን አላላልኝ፤
እኔ ገና አንገትጌው ይቀረኛል።